ከጾም ፍቺ በኋላ የወረደው ኪሎ እንዳይመለስ ምን ይደረግ?

ማለዳ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከ84 ወደ 71 ኪሎ ወርጃለሁ፤ ቁመቴ 1.66 ነው። ከዚህ በላይ መቀነስ አልፈልግም፣ ባለሁበት መቆየት ነው። ጾሙ ተፈታ፣ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ ሰርጉም የሚደራረበው አሁን ነው። ስንት ልብላ? በምን ልከታተል? ድግስ ላይስ? እባካችሁ እንጀራ ተዪ እንዳትሉኝ፤ ዕድሜ ልኬን ልኖርበት አልችልም።

ሚዛን ጠባቂ
እህቴ፣ እንጀራውን አትተዪ፤ ልክ ነሽ። ግን 71 ኪሎ ያለው ሰውነት የ84ቱን ያህል አያቃጥልም። የወረደው እያንዳንዱ ኪሎ የቀን ወጪውን በግምት ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ይቀንሰዋል። በ13 ኪሎ ሲሰላ ከ260 እስከ 390 ካሎሪ ነው። ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞንም አብሮ ስለሚወርድ ረሃቡ ይበረታል፤ ከዓመት በኋላም ላይለቅሽ ይችላል። ስለዚህ ሲርብሽ ራስሽን አትውቀሺ፣ ወደ ድሮው ሳህንም አትመለሺ።

መጠኑን እንዲህ ፈልጊው፦ ስትቀንሺ ትበዪው በነበረው ላይ በቀን 100 ካሎሪ ጨምሪና ሁለት ሳምንት ጠብቂ። አሁንም የምትወርጂ ከሆነ ሌላ 100 ጨምሪ። ሚዛኑ ሲረጋ እዚያው ቁሚ።

ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ምንም ሳትቀምሺ ተመዘኚ፤ የምታዪው ግን የሰባቱን ቀን አማካይ ነው። ከሰርግ ማግስት 1 ወይም 2 ኪሎ ቢጨምር ስብ አይደለም። ሰውነት የሚያከማቸው አንድ ግራም ግላይኮጅን (ለጉልበት የሚቀመጥ የስኳር ክምችት) 3 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፣ ጨውም ይጨምርበታል። አማካዩ 73ን ካለፈ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ቅነሳው ምግብ ተመለሺ። 2 ኪሎ በጥቂት ሳምንታት ይወርዳል፤ 7 ኪሎ እስኪሞላ ከጠበቅሽ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ቁሌት
እኔ ደግሞ ድስቱን እዩ እላለሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም፣ 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ቅቤም ከዚያ እምብዛም አያንስም። ከጠርሙሱ በቀጥታ ሲንቆረቆር ግን ስንት ማንኪያ እንደገባ ዓይን አይለካውም። የጾም ምግብ እየበሉ የሚወፍሩትም በዚህ ነው።

ለአራት ሰው ወጥ ሦስት ትልልቅ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፊና ደረቅ ድስት ላይ በመካከለኛ እሳት ክዳን ገጥመሽ አቁላዪ። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል። መያዝ ሲጀምር ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረግሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አማስዪ። ከዚያ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለክተሽ አግቢ፣ በርበሬውን አስከትዪ። በርበሬ በደረቁ ከገባ ያርርና ይመራል፤ ያኔ ጣዕሙን ለማዳን ሲባል ዘይቱ ይደፋል። በዚህ ልክ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ዘይት 60 ካሎሪ ብቻ ነው።

ሻዩንም ቁጠሪ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በቀን አራት ጊዜ ማለት 48 ግራም፣ 190 ካሎሪ ገደማ ነው። ቡና ላይ የሚቀርበው ለውዝ ደግሞ በ30 ግራም 170 ካሎሪ አለው፤ በእፍኝ እየዘገንሽ ሳይሆን በትንሽ ሲኒ ለክተሽ ያዢ።

ብርታት
ከወረደው ኪሎ ከፊሉ ጡንቻ ነው፤ ይህን ማንም አይነግርሽም። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ለአንቺ ከ85 እስከ 114 ግራም። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም አለው። በሳምንት ሁለት ቀን ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ፑሽ አፕና ቦርሳ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት፣ ሦስት ሦስት ዙር ሥሪ። በየዙሩ የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች ካልከበዱሽ ቦርሳው ላይ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ጨምሪበት። ከዚያ ሌላ በሳምንት ከ200 እስከ 300 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ።

አሜሪካ ውስጥ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። አብዛኞቹ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፣ ቢያንስ በሳምንት አንዴም ይመዘናሉ።

ድግስ ላይ ደግሞ በባዶ ሆድ አትሂጂ፤ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በልተሽ ውጪ። ሳህንሽን አንዴ አንሺና ጥቂት አስቀሪበት። «አፈር ስሆን ጨምሪ» የሚያስብለው ባዶው ሳህን ነው። በለስላሳ ፈንታ አምቦ ውሃ ያዢ።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ሐኪምሽን አነጋግሪ፤ ክብደት ሲወርድ የመድኃኒቱ መጠንም መቀነስ ሊኖርበት ይችላል።

ማለዳ
እግዜር ይስጥልኝ፤ መድኃኒት አልወስድም። ዘይቱ እንዲህ ካነሰ ግን ሽሮው ውሃ ውሃ አይልም?

ቁሌት
ውሃ ውሃ የሚለው ቶሎ ስለሚወርድ ነው። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ቁሌቱ ላይ ጨምሪ፤ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰሽ እያማሰልሽ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይንተክተክ። ቅቤ ካማረሽ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 40 ካሎሪ ገደማ፣ ከእሳት ካወረድሽው በኋላ ላዩ ላይ ጣል አድርጊ። አብሮ ከሚፈላው ይልቅ መጨረሻ ላይ የገባው ትንሽ ቅቤ ነው ሽታው የሚያውደው።