ልጅን «በእሱ ቦታ ብትሆን» ማለት ወላዋይ ያደርገዋል?

እናት ከደብረ ማርቆስ፦ ቅዳሜ በልጄ መዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ሕፃንን ‘በእሱ ቦታ ብትሆን’ እያሉ ማሳደግ ወላዋይ ያደርገዋል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ! እስካሁን ያንገበግበኛል። የጓደኛውን ልብ የሚያይ ልጅ ወላዋይ ነው?

የቡሬው፦ አባትየው ልክ ናቸው። የአራት ዓመት ልጅ መጀመሪያ ነውርን ይወቅ። እኛ «ተው!» ተብለን አደግን፤ ምን ጎደለን?

እናት ከደብረ ማርቆስ፦ በአንዲት ክንድ ድንበር ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ሲካሰሱ እያዩ «ምን ጎደለን» ይላሉ?

መምህርት ከዳንግላ፦ እቤታችሁ ሞክሩት። ታላቅየው ዳቦውን መሶብ ውስጥ አስቀምጦ ይውጣ፤ እናንተ ወደ ቁም ሳጥን አዛውሩት። የሦስት ዓመቷን «ሲመለስ የት ይፈልገዋል?» በሏት። የእኔዋ ቁም ሳጥኑን አሳየችኝ፤ እሷ ያወቀችውን ሁሉ ወንድሟም የሚያውቅ መስሏታል። በ1983 እ.ኤ.አ. ቪመርና ፐርነር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ በቸኮሌት ሞክረውታል። ሌላው ሰው እሱ ያወቀውን ላያውቅ እንደሚችል አብዛኛው ልጅ በአራትና በአምስት ዓመቱ መካከል ይደርስበታል፤ ስለ ሰው ሐሳብና ስሜት የሚወራለት ደግሞ ይቀድማል። ይህ መወላወል አይደለም፤ ማወቅ ነው።

የቡሬው፦ ወላዋይነትን በቸኮሌት አትሸፍኑት። ለጎጃም ልጅ የፈረንጅ ሙከራ ምን ያደርግለታል?

የዋሸራ ወዳጅ፦ ከፈረንጅ በፊት እኛ አለን! ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የሚፈልግ የቅኔ ተማሪ አንዱን ቃል በሁለት ዓይን ማየት የለመደ ነው። የዋሸራ ቅኔ ቤት ወላዋይ አፈራ?

የጎንጅ ልጅ፦ ቅኔ በተነሣ ቁጥር ዋሸራ ብቻ! ጎንጅስ? ደግሞስ የቅኔ ተማሪ የአራት ዓመት ሕፃን ነው?

የዋሸራ ወዳጅ፦ ጎንጅን ማን ካደ ወንድሜ? አንዱን መጥራት ሌላውን መንቀፍ አይደለም።

አባት፦ የተናገርሁት እኔ ነኝ። ልጄ ከንፈሩ እየደማ ወደ ቤት መጣ። መምህሯ «የመታህ ልጅ ተናድዶ ይሆናል፤ በእሱ ቦታ ብትሆንስ?» ብላዋለች። የተመታ ልጅ የመቺውን ልብ ይጠብቅ? ወላዋይ ያልሁት ይህንን ነው።

እናት ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ ይህንን እዚያው ቢነግሩን አልቆጣም ነበር። የመታውስ? «በእሱ ቦታ ብትሆን» ተባለ?

አባት፦ አልተባለም። ቃሌን ግን አላነሣም።

መምህርት ከዳንግላ፦ ጥያቄው ለመታው ነበር የሚገባው። ጥፋቱ የመምህሯ ነው፤ የትምህርቱ አይደለም።

የቡሬው፦ መምህሯንስ ያሠለጠናት ማን ነው?