ሌሊት የምትነዱ፣ «ታክሲ ድራይቨር»ን አይታችሁታል?

ሰላም ወገኖች፣ አሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፣ ዲሲ አጠገብ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው ያለሁት፣ ማታ ማታ ሰው አመላልሳለሁ። ባለፈው ሰኞ ኦፍ ነበርኩ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የ1976ቱን «ታክሲ ድራይቨር» ከፈትኩት፣ ያ ስኮርሴዚ የሠራው፣ ሮበርት ዴኒሮ ያለበት። ሰው ስለ ሽጉጡ ሲያወራ ነበር የምሰማው፣ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ልጁ ትራቪስ ይባላል፣ 26 ዓመቱ ነው፣ ማሪን ወታደር የነበረ፣ ሌሊት መተኛት ስላቃተው ኒውዮርክ ውስጥ ታክሲ መንዳት ይጀምራል፣ በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን አንዳንዴም ሰባት። መሃል ላይ ለእናትና አባቱ የጋብቻ በዓላቸው ብሎ ካርድ ይጽፋል። ለመንግሥት ምስጢር የሆነ ሥራ ስለምሠራ አድራሻዬን ልልክላችሁ አልችልም፣ ደህና ነኝ፣ ቤትሲ ከምትባል ልጅ ጋር ወራት ሆነን ይላቸዋል። ቤትሲ እኮ ትታዋለች! ስልክ እየደወለ ሲለምናት ካሜራው ራሱ ማየት ያቃተው ይመስል እሱን ትቶ ባዶውን ኮሪደር ነው የሚያሳየን።

እዚያ ካርድ ላይ አቆምኩት። ምክንያቱም በዚያው ቀን ጠዋት ለእማዬ ደውዬ ቢሮ ነው የምሠራው፣ ትናንት ከጓደኞቼ ጋር እራት በላን ብያት ነበር፣ እራቴን ግን የበላሁት ብቻዬን መኪና ውስጥ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ነው። እናንተ ለቤተሰብ እውነቱን እንዴት ነው የነገራችሁት? በጣም ጨንቆኝ ነው የምጠይቀው።

መልስ፦
ልጄ እኔ ዲሲ ውስጥ ታክሲ የያዝኩት ሂሳቡን በሰፈር ክልል፣ በዞን፣ በምናስከፍልበት ጊዜ ነው፣ ዋጋ የሚቆጥረው ሜትር በ2008 ከመግባቱ በፊት። እኔን ሁሌ የሚያሳዝነኝ ትራቪስ ዊዛርድ የሚሉትን አንጋፋ ሾፌር ውጭ ጠርቶት ጭንቅላቴ ውስጥ መጥፎ ሐሳብ እየመጣብኝ ነው የሚለው ቦታ ነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ግን ያገኘውን ያወራና አይዞህ ደህና ትሆናለህ ብሎት ይሄዳል። እኛም ስንቱን ልጅ አይዞህ ብለን አልፈነዋል። ነገሩ ፊልም ብቻ ሆኖም አልቀረም፣ በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ላይ የተኮሰው ልጅ ያንን ፊልም ደጋግሞ ያየ ነበር፣ የተኮሰውም እዚሁ ዲሲ ኮኔቲከት ጎዳና ላይ ሂልተን ሆቴል ደጃፍ ነው፣ ስንት ዓመት ተሳፋሪ የጠበቅኩበት ቦታ። ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ሐሙስ ማታ እቤት ቡና አለ።

መልስ፦
ወንድሜ የጻፍከው ልቤን ነካኝ ግን ራስህን ከትራቪስ ጋር አታመሳስል እባክህ። እሱ ጥቁር ሰው ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አይተሃል? አንተም እኔም ብንሳፈር እንደዚያው ነበር የሚያየን፣ ብቸኝነቱን ወደ ጥላቻ ነው የለወጠው፣ መጨረሻ ላይ ሰው ገድሎ ጋዜጣ ጀግና ሲለው ለኔ ከደሙ በላይ የሚያስፈራው እሱ ነው። ይልቅ ታሪኩን የጻፈውን ፖል ሽሬደርን እይ። ትዳሩ ፈርሶ መኪናው ውስጥ እያደረ፣ ጨጓራው ቆስሎ ሆስፒታል ሲሄድ ነርሷን ሲያናግራት ነው ለሳምንታት ከማንም ጋር እንዳላወራ የገባው። እኔ ሆስፒታል የሌሊት ሺፍት ነኝ፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው ይመጣል፣ ስሙን ስትጠይቂው ድምፁ አልወጣ ይለዋል። የኛም ልጆች አሉበት። ሐሙስ እኔም እመጣለሁ ጋሼ፣ ዳቦውን እኔ።

መልስ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። ጋሼ ስልኬን ልኬልዎታለሁ። ዛሬ ለእማዬ ደውዬ ሌሊት መኪና እንደምነዳ፣ ቢሮ የሚባል እንደሌለ ነገርኳት። ዝም አለች፣ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ፣ ሃሎ ሃሎ ስል ታዲያ ልጄ ሲነጋ ማነው ቁርስ የሚያቀርብልህ አለችኝ።