የድሮ አለቃዬ በስልክ ምን ማለት ይፈቀድለታል?

ሰላም። ሕግ የምታውቁ ወይም የሰው ኃይል ላይ የምትሠሩ፣ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ።

አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት 4 ዓመት ስቶር ኪፐር ነበርኩ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ ዕቃውን በቆጠራ አስረክቤ፣ ክሊራንስ ጨርሼ ነው የወጣሁት። ባለፈው ወር ሌላ ቦታ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አልፌ "ሰኞ ጀምር" ተባልኩ። ዓርብ ደውለው "ይቅርታ፣ ሌላ ሰው ወስደናል" አሉኝ። እዚያ የሚሠራ ጓደኛዬ እንደነገረኝ፣ ስለ እኔ ሲጠየቅ የድሮ አለቃዬ "እጀ አመለኛ ነው" ብሏል። በቆጠራው እኮ አንዲት ብሎን አልጎደለችም!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አየሁት። አንቀጽ 12 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ ይስጥ ይላል። እሱንማ ሰጥተውኛል፣ ማኅተሙም ያምራል። በስልክ የሚወራውስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ስም ማጥፋት የሚለው እዚህ ይሠራል?

ምስክሬ ያው ጓደኛዬ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ከእንጀራው ማፈናቀል አልፈልግም። መጀመሪያ ለአለቃዬ በጽሑፍ ላስጠንቅቅ ወይስ በቀጥታ ልክሰስ? እስከዚያው ሳመለክት የማንን ስልክ ልስጥ?