ሁለት ፈረስ ይዤ የእሱ ሰዓት አለቀ፣ «አቻ ነው» ይለኛል፤ ቶሎ መልሱልኝ

ማኪያቶ_በዱቤ፦
ሰዎች ቶሎ! አራት ኪሎ ካፌ ቼዝ እየተጫወትን ነን፣ ሰሌዳው እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካውም። እኔ ንጉሥና ሁለት ፈረስ፣ እሱ ንጉሥና አንድ ወታደር። የእሱ ሰዓት ዜሮ ገባ። አሁን «በሁለት ፈረስ ቼክሜት አይደረግም፣ ስለዚህ አቻ ነው» እያለ ሂሳቡን እንካፈል ይላል። እንዴት ያለ የሚያምር ማት ላደርገው ነበር እኮ! አስተናጋጇ ወንበር እየሰበሰበች ነው። ማን ይክፈል?

ጋሽ_ሰንጠረዥ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ «የሚያምር» የምትለውን አስተካክል። ባዶ ንጉሥን፣ ማለትም ብቻውን የቀረን ንጉሥ፣ በሁለት ፈረስ አስገድዶ ማት ማድረግ አይቻልም። (ፊደሉ ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፍ ነው) ጥቁር ንጉሥ ጂ8፣ ነጭ ንጉሥ ጂ6፣ አንዱ ፈረስ ዲ6 ይሁን። ሌላው ፈረስ ኤች6 ላይ ቼክ ሲል ጥቁሩ ወደ ኤፍ8 ከወጣ አመለጠ። ራሱ ወደ ኤች8 ከገባ ብቻ የዲ6ቱ ፈረስ ኤፍ7 ላይ ይጨርሰዋል። ይህ ውበት ሳይሆን የተቃዋሚ ስጦታ ነው። በድሮው ሰንጠረዣችንም ቢሆን በፈረስ ወይም በደር፣ ማለትም በሩክ፣ የተደረገ ማት እንደ ሙያ አይቆጠርም ነበር። ጭብጨባው በመደቅ፣ ማለትም በወታደር፣ ለገደለ ነው።

የፒያሳ_ልጅ፦
የምኒልክ አደባባዩን ፈረስ ተውሰህ ሦስት አድርጋቸው። ቀልድ አይደለም፣ ሦስት ፈረስ ባዶ ንጉሥን በግድ ያሸንፋል።

ቀጭኔ፦
አቻ ነው ወንድሜ። ስልኬ ላይ የምጫወትበት በሁለት ፈረስ ሰዓት ቢያልቅም አቻ ነው የሚሰጠው።

ዳኛ_በትርፍ_ሰዓት፦
@ቀጭኔ ያ የአሜሪካ ፌዴሬሽን ሕግ ነው፣ አንዳንድ መተግበሪያዎች እሱን ይከተላሉ። እሱም ቢሆን ሰዓት ያለቀበት ሰው ወታደር ከሌለው ነው፣ እዚህ ወታደር አለ። በፊዴ፣ ማለትም በዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን፣ ሕግ አንቀጽ 6.9 ሰዓቱ ያለቀበት ይሸነፋል። አቻ የሚሆነው ተጋጣሚው በየትኛውም ሕጋዊ የእርምጃ ቅደም ተከተል ቼክሜት ማድረግ የማይችል ከሆነ ብቻ ነው። «በግድ ይቻላል ወይ» አይደለም ጥያቄው፣ «ጨርሶ ሊሆን ይችላል ወይ» ነው። በሁለት ፈረስ ይሆናል፤ ጋሼ ራሳቸው ኤፍ7ን አሳይተዋል። ስለዚህ አሸንፈሃል።
ግን የተውከው ብዙ ነው፦ ስንት ደቂቃ ነበር? በየእርምጃው የሰከንድ ጭማሪ ነበረው? ወታደሩ የት ነው?

ማኪያቶ_በዱቤ፦
ተመስገን! 10 ደቂቃ፣ ጭማሪ የለም፣ እኔ 9 ሰከንድ ቀርቶኛል። አሁን ደግሞ «ከ2 ደቂቃ በታች ስለነበርኩ አቻ መጠየቅ እችል ነበር» ጀመረ።
ነጭ ነኝ። የኔ ንጉሥ ጂ6፣ ፈረሶቼ ኤች6 እና ኢ3። የእሱ ንጉሥ ኤች8፣ ወታደሩ ኢ4፣ የኢ3 ፈረሴ ዘግቶታል።

ዳኛ_በትርፍ_ሰዓት፦
የ2 ደቂቃው ነገር ባንዲራ ሳይወድቅ፣ ማለትም ሰዓት ሳያልቅ፣ የሚጠየቅ ነው፣ ያውም በውድድሩ ቀድሞ ከተነገረ። ለብሊትዝ፣ እጅግ ፈጣን ለሆነው ጨዋታ፣ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። 10 ደቂቃ ብሊትዝ ነው፣ ራፒድ ከ10 በላይ ነው።

ቀጭኔ፦
እኔ አሁንም አቻ ነው ባይ ነኝ።

ጥቁር_ንጉሥ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ባዶ ንጉሥና ወታደር ያለው ንጉሥ ለየቅል ናቸው። የሁለት ፈረስ ችግር ይህ ነው፦ ንጉሡን ስትቆልፈው ቼኩ ገና አልደረሰም፤ ተራው የእሱ ሆኖ የሚሄድበት ከሌለው ስቴልሜት፣ ማለትም አቻ፣ ይሆናል። ወታደር ካለው ግን ወታደሩን ለመግፋት ይገደዳል፣ አንተም በዚያች እርምጃ ፈረስህን ታደርሳለህ። ያ ወታደር ባይኖረው ይድን ነበር። ውበቱ እዚህ ላይ ነው።
የቼዝ ፍጻሜ አጥኚው ትሮይትስኪ መስመሩን አስምሮታል። ጥቁሩ ወታደር ከኤ4፣ ቢ6፣ ሲ5፣ ዲ4፣ ኢ4፣ ኤፍ5፣ ጂ6፣ ኤች4 ካላለፈና በፈረስ ከተዘጋ ነጭ ያሸንፋል። አንዳንዱ አቋም ግን እስከ 115 እርምጃ ይፈጃል። ፈረሱ ዘግቶ ሲቆይ ወታደር ስለማይንቀሳቀስ ወታደር ሳይገፋ፣ ምንም ሳይበላ የሚቆጠረው የ50 እርምጃ ቆጠራ ይሮጣል፣ ተቃዋሚህም አቻ ሊጠይቅ ይችላል።
ያንተ ኢ4 ልክ መስመሩ ላይ ነው። ተራው የነጭ ሲሆን በ3 እርምጃ ያልቃል፦ ፈረስ ከኢ3 ወደ ጂ4፣ ወታደሩ ኢ3፤ ፈረስ ኢ5፣ ወታደሩ ኢ2፤ ፈረስ ኤፍ7 ቼክሜት። የኤች6ቱ ፈረስ ጂ8ን፣ ንጉሥህ ጂ7ንና ኤች7ን ይዘዋል። መሀል ላይ ከጂ4 ተመልሰህ ኢ3 ላይ ወታደሩን ብትበላ ግን አበቃ፣ ስቴልሜት።

እቴጌ_ቼዝ፦
ቆይ ቆይ። «ተራው የነጭ ሲሆን» አልክ። ያለቀው የጥቁሩ ሰዓት አይደለም እንዴ? ታዲያ ተራው የጥቁሩ ነበር። ምን ያንቀሳቅስ? ጂ8 በኤች6 ፈረስ፣ ጂ7ና ኤች7 በንጉሡ ተይዘዋል። ወታደሩ ኢ3 ላይ ታግዷል፣ ዲ3ና ኤፍ3 ላይ ደግሞ የሚበላው የለም። ቼክም የለበትም። ስቴልሜት ነው እኮ!

ዳኛ_በትርፍ_ሰዓት፦
ውይ። እውነቷን ነው፣ ያልኩትን አንስቻለሁ። አንቀጽ 5.2.1፦ ስቴልሜት የሆነበት እርምጃ ጨዋታውን ወዲያው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሮጠው ሰዓት አይቆጠርም። ምስኪኑ የሌለ እርምጃ ሲፈልግ ነው ሰዓቱ ያለቀው።
@ማኪያቶ_በዱቤ አቻ ነው። የመጨረሻ እርምጃህ ምን ነበር? ወታደሩ ታግዶ ሳለ ንጉሡን አትቆልፍ፣ መጀመሪያ የኢ3ቱን ፈረስ አንሳ።

ቀጭኔ፦
አላልኳችሁም?

እቴጌ_ቼዝ፦
መልስህ ልክ፣ ምክንያትህ ገደል።

የፒያሳ_ልጅ፦
ወታደሩ ኢ3 ላይ፣ የሚያግደው ፈረስ ኢ2 ላይ ቢሆንስ? ሌላው እንዳለ ሆኖ ተራው የነጭ ነው እንበል።

ጥቁር_ንጉሥ፦
መስመሩን አልፏል። ከኢ2 ተነስቶ ማት ለማድረስ 4 እርምጃ ይፈልጋል፣ ወታደሩ ግን በ2 ንግሥት ይሆናል። ፈረስ ዲ4፣ ወታደር ኢ2፤ ፈረስ ኤፍ5፣ ኢ1 ንግሥት፤ ፈረስ ኢ7 ስትል ንግሥቲቱ ትበላዋለች። ከዲ4 ተመልሰህ ኢ2 ላይ ብትበላው ያው ስቴልሜት ነው።

ጋሽ_ሰንጠረዥ፦
ልጁ የት ገባ? ከፍሎ ይሆን?