ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ አካባቢ የተገኘ ከባድ ጥቁር ድንጋይ፤ በምን እንለየው?

የአዶላ ልጅ፦ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ለመጠኑ ከልክ በላይ የሚከብድ ድንጋይ አግኝተናል። ገዢው «ኢልመናይት ነው» (የታይታኒየም ማዕድን) ብሎ በርካሽ ሊወስደው ነው፤ ነገ ጠዋት ይሄዳል። እኛ ታንታለም (ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚፈለግ ውድ ብረት) ያለበት ነው እንላለን።

ከሻኪሶ፦ ማግኔት አስጠጉበት። ዘሎ ከተጣበቀ ብረት የሚወጣበት ማግኔታይት ነው።

መምህሩ፦ የቀንጢቻ ማዕድን ያለው ፔግማታይት በሚባል ድንጋይ ውስጥ ነው። ማግማው (የቀለጠው ድንጋይ) ሲረጋ በሌሎች ማዕድናት ውስጥ ቦታ ያጡት ሊቲየም፣ ኒዮቢየምና ታንታለም መጨረሻ ላይ የሚከማቹት እዚያ ነው። ስለዚህ ከነጭ ፌልድስፓርና ከሚካ ጋር ተጣብቆ ከተገኘ ግምታችሁ ያስኬዳል። ነገር ግን እዚያው ጥቁር ቱርማሊንም አይጠፋም፤ እሱ በቁመቱ የተሰመረ ነው።

ድንጋይ ወዳድ፦ ጥቁር ሁሉ ታንታለም ቢሆን የሻኪሶ ጉልቻ በሙሉ ባሕር ተሻግሮ ነበር!

እንግዳ፦ ማግኔት ሞክሩ።

የአዶላ ልጅ፦ ሞክረናል፤ አይስበውም።

የላቦራቶሪ ሰው፦ ማግኔት ብቻውን አይፈርድም፤ ተራ ማግኔት ኢልመናይትንም ታንታለም የሚወጣበትን ታንታላይትንም በቅጡ አይስብም። ሌላ ድንጋይ ያልተጣበቀበትን ቁራጭ በቀጭን ክር አስራችሁ መጀመሪያ በአየር ላይ፣ ቀጥሎ ውሃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ መዝኑ። የመጀመሪያውን ክብደት ለልዩነቱ አካፍሉ፤ ድንጋዩ እኩል ይዘት ካለው ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይነግራችኋል። 62 ግራም የነበረው ውሃ ውስጥ 54 ከሆነ፣ ልዩነቱ 8 ነውና ውጤቱ 7.75 ይሆናል። ቱርማሊን ከ3 ብዙም አያልፍም፤ ኢልመናይት 4.7 አካባቢ ነው፤ ኒዮቢየም የሚበዛበት የታንታላይት ወንድም ኮሎምባይት ከ5.2 ይጀምርና ታንታለሙ በበዛ ቁጥር ወደ 8 ይጠጋል። ከ6 በላይ ከወጣ ኢልመናይት የሚለውን ሰው አትስሙ። ቆርቆሮ የሚወጣበት ካሲቴራይትም 7 አካባቢ ስለሆነ፣ ባልተለበጠው የሲኒ መቀመጫ ላይ ፈትጉት፦ ካሲቴራይት ነጣ ያለ ጭረት፣ ታንታላይት ቡናማ ወይም ጥቁር ይተዋል። ዩራኒየም ሊኖርበት ስለሚችል መኝታ ቤት አታስቀምጡት።

ተቆርቋሪ፦ ጥያቄው ከመነሻው ልክ አይደለም። ስሙን ብታውቁም በውስጡ ያለው ታንታለም ስንት በመቶ እንደሆነ ሳታውቁ በምን ዋጋ ትደራደራላችሁ? ገዢው ከቸኮለ ይሂድ፤ ናሙናውን አዲስ አበባ ላቦራቶሪ አስመርምሩ። ደግሞስ ፈቃድ አላችሁ?

የአዶላ ልጅ፦ ፈቃድ ያለን ማኅበር ነን። ሚዛን ልንዋስ ወርቅ ገዢው ሱቅ እየሄድን ነው።

ከሻኪሶ፦ ማግኔቱ ግን ጠንካራ ነበር? ከድምፅ ማጉያ የወጣ ይሻላል።

የላቦራቶሪ ሰው፦ ማግኔቱን ተዉት። ውሃ ውስጥ ስንት መዘነ?