የመሠረቱን ስንጥቅ ራሴ ልጠግን ወይስ መሐንዲስ ልጥራ?

ወገኖች፣ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ። ቤታችን አቃቂ ነው፤ መሠረቱ የድንጋይ ግንብ፣ ግድግዳው ብሎኬት። አፈሩ መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። አሁን ከመሠረቱ ጥግ ተነስቶ ወደ መስኮቱ በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ አለ። ሳንቲም ያስገባል። የጓዳው በርም አልዘጋ ብሏል።

የጣራው ውሃ የሚወርደው እዚያው ጥግ ላይ ነው። አሸንዳ ላሰራና ዙሪያውን ወደ ውጭ ያዘነበለ ሊሾ ላስደርግ አስቤያለሁ። ግንበኛው ግን «በሲሚንቶ ድፈነው፣ በቃ» ይላል። አላሳመነኝም፤ አፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቢደፈን ተመልሶ መሰንጠቁ አይቀርም። መስፋቱን ለማየት ጂፕሰም ለጥፌ ቀን ጽፌበታለሁ።

ውሃውን አርቄ አንድ ክረምት ልጠብቅ? ወይስ አሁኑኑ መሐንዲስ ላሳይ? እናቴ የምትተኛው እዚያው ክፍል ስለሆነ በጣም ሰግቻለሁ።