ሸመሉ ቀጭን ቀጭኑን ብቻ እያወጣ ነው፣ ሠራተኛው ሳይመለስ መልሱልኝ

የጎሮዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ድሬዳዋ ጓሮዬ ያለው ሸመል (ቀርከሃው) በጣም ተጣቧል፣ በዚህ ሐምሌ የወጣው ቡቃያም ከአውራ ጣት አይበልጥም። ጎረቤቴ «ወፍራሙን አስቆርጪ፣ ቀጭኑ ፀሐይ ሲያገኝ ይወፍራል» አሉኝና የቀን ሠራተኛ ጠራሁ። በበሩ በኩል ያለውን ወፍራም ወፍራም በገጀራ ጥሎ ምሳ ሄዷል። ሲመለስ ይቀጥል ወይስ ላስቁመው? ለበረንዳ ጥላ የሚሆን ወፍራም እንጨት ነው የምፈልገው። ፍጠኑ አቦ!

ከዚራ 07፦ አቦ ምሳውን ይጨርስ እንጂ! የፍየል ፍግ ጨምሪበት፣ በቃ።

አባ ችግኝ፦ ልጄ፣ አገራችን ሁለት ዓይነት ቀርከሃ አላት። የደጋው ውስጡ ክፍት ነው፣ እንጅባራና ሲዳማ በብዛት አለ። የቆላው ሸመል ነው፣ ውስጡ ድፍን፣ ድርቅ የሚችል፣ ቤኒሻንጉል የሞላው። በአፍሪካ ሰፊው የቀርከሃ ሀብት የእኛው ነው። የሣር ዘመድ መሆኑን ብዙ ሰው ስለማያውቅ እንደ ባሕር ዛፍ ሊይዘው ይሞክራል። ሥሩ ደግሞ…

የጎሮዋ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ሠራተኛው እየመጣ ነው። ይቁረጥ አይቁረጥ?

የአሶሳ ልጅ፦ እህቴ፣ አስቁሚው! ሸመል ከመሬት ሲወጣ በያዘው ውፍረት ነው የሚቀረው፤ ቁመቱን በጥቂት ወር ይጨርሳል፣ ከዚያ በኋላ ቀጭኑ መቼም አይወፍርም። የሚወፍረው ቀጥሎ የሚወጣው ነው፤ እሱን የሚመግበው ደግሞ አሁን ያለው ጤነኛ ወፍራም እንጨት ነው። ወፍራሙን ጥለሽ ቀጭኑን ካስቀረሽ የሚመጣው ክረምትም ቀጭን ይሆናል።

የሚቆረጠው የደረቀው፣ የተሰበረውና ከሦስት ዓመት ያለፈው ነው። ያረጀው ግራጫ ይላል፣ ሽበት የመሰለ ነገር ይለብሳል። የዘንድሮው አረንጓዴው ደማቅ ነው፣ አንጓው ላይ ሽፋኑ ገና አልረገፈም። የአንድና የሁለት ዓመቱን አትንኪ። ይሄም ቢሆን ለበጋ ነው፣ ከኅዳር እስከ ጥር። አሁን ቡቃያ በሚወጣበት ጊዜ ሰው መሀል ገብቶ ከረገጠው ይሰበራል፤ የተሰበረ ቡቃያ አይተካም።

ከዚራ 07፦ ፍጉን ግን አትርሺ።

ጀጎል በር፦ እኔ ደግሞ መቁረጡ ራሱ አይታየኝም። ድሬ ሙቀቷ የታወቀ ነው፣ አፈሩም አሸዋ ነው። ቀጭን የሚያወጣው መጣበብ ሳይሆን ጥማት ነው። ደግሞ ሸመል ድፍን ስለሆነ ቀጭኑም ለጥላ ይችላል፣ ለምን ወፍራም ወፍራም ትያለሽ?

የጎሮዋ፦ የልብስ ማጠቢያ ውኃ ይጠጣል እኮ።

ጀጎል በር፦ በረኪና ያለበትን?!

የአሶሳ ልጅ፦ ጀጎል በር ስለ ውኃው ልክ ነህ፣ ግን ሁለቱም አለበት። ንጹሕ ውኃ በደንብ ይጠጣ፤ የረገፈውን ቅጠል አትጥረጊ፣ እዚያው ይበስብስ፤ ሥሩ ላይ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ክመሪ (ከዚራ፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ)። በጋ ላይ ስታስቆርጪ ከአንድ ወገን መግቢያ ከፍታችሁ የመሀሉን አሮጌ አውጡ፤ ሰው ዳር ዳሩን ይቆርጥና መሀሉ ይታነቃል፣ አዲሱ የሚወጣው ደግሞ በዳር ነው። በመጋዝ፣ ከመሬት በላይ ካለው የመጀመሪያ አንጓ ትንሽ ከፍ ብሎ። ገጀራ ጉቶውን ይሰነጥቀዋል።

የሳቢያን ቀልደኛ፦ እኔ የእህቴን የጥፍር ቀለም ሰርቄ አዲስ በወጣው ሁሉ ላይ ዓመተ ምሕረቱን እጽፋለሁ። እህቴ እስከዛሬ ሌባዋን ትፈልጋለች፣ እኔ ግን የትኛው ሦስት ዓመት እንደሞላው አልሳሳትም 😂

አባ ችግኝ፦ የተቆረጠውንም አስቢበት ልጄ። የክረምት እንጨት እርጥበት ስለሚበዛበት ነቀዝ ቶሎ ይገባዋል። ጥላ ውስጥ፣ መሬት ሳይነካ አቁመሽ አድርቂው እንጂ ዛሬውኑ በረንዳ ላይ አትስቀዪው።

ከዚራ 07፦ የፍየል ከሌለ የበግም ይሆናል።

የጎሮዋ፦ አስቁሜዋለሁ። «የቀኑን ሙሉ ክፈይ» እያለኝ ነው፣ ቆይ መጣሁ።

ለገሃሬ፦ እህት፣ ለጥላው ካልፈለግሽው የተቆረጠውን ትሸጪዋለሽ? ለዶሮ ቤት ፈልጌ ነበር። በባጃጅ መጥቼ እወስደዋለሁ።